የተደፋው የማር ማንኪያ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጥገና ክፍሉ ጀርባ፣ ሦስት መለኪያ የሚባል ትንሽ መንደር አለ። የመንደሩ ሰው ውለታ የዋለለትን ማመስገን ሲፈልግ ቤቱ ይጠራውና በረዶ ባለበት ብርጭቆ ቀይና መራራ መጠጥ ይቀዳለታል፤ ከብርጭቆው አጠገብም የማር ማንኪያ በአፉ ይደፋል። እንግዳው ቀምሶ ብርጭቆውን በስተቀኙ እስኪያስቀምጥ ድረስ ባለቤቱ «እግዜር ይስጥልኝ» አይልም። የነገሩን አጀማመር ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ በጥቃቅኑ አይስማሙም፤ በዋናው ግን ቃላቸው አንድ ነው።

እንደሚነገረው፣ ከጦርነቱ በኋላ አገራቸው ሳይመለሱ የቀሩ ሙሴ አንሴልሞ የሚባሉ ጣሊያናዊ በጥገና ክፍሉ ውስጥ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ይሠሩ ነበር። በሥራቸው ከሚማሩት መካከል ውብሸት የሚባል ወጣት ነበር፤ አንዱን ብረት ሦስት ጊዜ ሳይለካ ማሽኑን ስለማያስነሳ ጓደኞቹ «ሦስቴ» የሚል ስም አወጡለት። «ሦስቴ፣ ምሳህን በላህ ወይስ ገና እየለካኸው ነው?» ይሉት ነበር። አለቃው በዝግታው ተማርሮ ሊያሰናብተው ሲል ሙሴ አንሴልሞ መሣሪያቸውን አስቀምጠው፣ «የዚህ ልጅ እጅ ዘገምተኛ ነው እንጂ ስህተተኛ አይደለም፤ እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» በማለታቸው ከሥራው ሳይወጣ እንደቀረ ይነገራል።

ሙሴ አንሴልሞ ተማሪ ተቆጥተው አያውቁም ይባላል። የቀረበላቸውን ብረት ያገላብጡና መልካምም ይሁን ብልሹ «ጥሩ ነው» ይላሉ፤ የተስተካከለውን በቀኛቸው፣ ያልተስተካከለውን በግራቸው ያስቀምጡታል። በግራ የተቀመጠበት ተማሪ ምንም ሳይናገር አንስቶ እንደገና ይሠራል።

እሑድ እሑድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጂን፣ ቬርሙት የሚባለውን ቀይ የወይን መጠጥና ከአገራቸው የሚመጣ መራራ ቀይ መጠጥ እኩል እኩል ይቀላቅሉና የብርቱካን ልጣጭ ጣል አድርገው ይጠጣሉ። ውብሸት መጀመሪያ ሲያቀምሱት ፊቱ ተጨማደደ። «ቀስ በል» አሉት እየሳቁ፣ «የሚጣፍጠው ሁለተኛው ጉንጭ ነው።» ከዚያ ወዲህ ከበረንዳው ጠፍቶ አያውቅም።

ዓመታት አልፈው ሙሴ አንሴልሞ አረጁና እህታቸው ወዳለችበት አገራቸው ሊመለሱ ቀን ቆረጡ። መርከብ ዘግይቶ ይሁን ነጋዴ ጠፍቶ በውል አይታወቅም፣ በዚያው ሰሞን መራራው ቀይ መጠጥ ከከተማው ከጠፋ ወራት አልፎት ነበር። ውብሸት ሰውየው እንጀራውን እንዳቆዩለት ያስብና፣ የሚወዱትን ሳይቀምሱ፣ እሱም ሳያመሰግናቸው ሊለያዩ መሆኑ ያንገበግበዋል። ስለዚህ መጠጡን ራሱ ሊሠራው ቆረጠ። ከናስ አንዲት ትንሽ መለኪያ በቶርኖ አወጣ፤ ከኤረር የመጣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ጌሾ፣ አሪቲና ለቀለሙ ካርካዴ በጠንካራ አረቄ ዘፈዘፈ። ዘጠኝ ቀን የሚሉ አሉ፤ አሥራ ሁለት የሚሉም አሉ።

ያሳደገችው አክስቱ የሺእመቤት ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች።

«እንጀራህን ያቆዩልህን ሰው ጌሾ ልታጠጣቸው?»

«እትዬ፣ የሚወዱት እንዲህ ነው።»

«ኧረ ተው! ሰው ሲሸኝ አፉ ይጣፍጥለታል እንጂ ይመርረዋል? ነገ ‹የየሺእመቤት ልጅ እሬት አጠጥቶ ሰደዳቸው› ሊሉኝ ነው።»

ውብሸት ራሱን ተጠራጠረ። የሰማውን ንቆ መተውም፣ የሠራውን አምኖ መሄድም ስላቃተው መጠጡን ለሁለት ከፍሎ በአንደኛው ጠርሙስ ማር ጨመረበት፤ ሁለተኛውን እንዳለ ተወው። በስንብቱ ቀን ይዞ የሄደው ማር ያለበትን ነበር። አክስቱም ምናልባት ባይጣፍጥ ብላ የማር ማሰሮና ማንኪያ ይዛ ተከተለችው።

ባቡሩ የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ ሻንጣዎቹ ጋሪ ላይ ተጭነዋል። ውብሸት በረንዳው ላይ ከጂንና ከቬርሙት ጋር እኩል ቀላቅሎ ቀዩን ብርጭቆ ሲያቀርብላቸው ሙሴ አንሴልሞ ተቀበሉት። ቀመሱ።

«ጥሩ ነው ልጄ» አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አላልኩህም!» አለች የሺእመቤት።

ውብሸት ግን ዓይኑ ከእጃቸው አልተነቀለም። ብርጭቆው ያረፈው በግራቸው ነው።

እንደ ተማሪነቱ ዘመን ብርጭቆውን አነሳና ወደ ቤቱ ሮጠ። «ምነው፣ ምን ሆነ?» እያለች አክስቱ ስትጮህ እሱ ሁለተኛውን ጠርሙስ ይዞ እያለከለከ ተመልሶ ነበር። አንድ መለኪያ ጂን፣ አንድ መለኪያ ቬርሙት፣ አንድ መለኪያ ከመራራው ቀዳ። ያን ቀን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ለካ።

ሽማግሌው ተጎነጩ። ሁለተኛ ሲጎነጩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሺእመቤት ፊታቸውን አይታ ደነገጠችና ማንኪያዋን ማሰሮው ውስጥ ልትነክር ስትል፣ ሙሴ አንሴልሞ ማንኪያውን በቀስታ ከእጇ ወስደው ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

«እመቤቴ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ ብላችሁ ማር አበላችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሏት። «ይሄ ልጅ ግን ዛሬ የእናቴን ቤት አመጣልኝ።»

ከዚያም ብርጭቆውን በቀኛቸው አስቀመጡ።

ውብሸት ለዚያ ቀን ብዙ ቃል አዘጋጅቶ ነበር ይላሉ፤ ከአፉ የወጣው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ብቻ ነው። መለኪያዋን ሊሰጣቸው ሲዘረጋ፣ «እሷ እዚህ ትቅር፤ እኔ የምለካው አልቋል» ብለውት ወደ ባቡሩ ሄዱ።

የሺእመቤት በማግስቱ ነገሩን ለጎረቤት ስታወራ በጥፋቷ በራሷ ላይ እያላገጠች ነበርና ወሬው ቶሎ ተዳረሰ ይባላል። የናሷ መለኪያ ዛሬም በውሰት ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ታገለግላለች፤ ከንፈሯ በእጅ ብዛት ሳስቷል። ምስጋና ባለበት ቤት ማንኪያው ይደፋል፣ ሦስቱ እኩል ይቀዳሉ፣ ሁሉም የእንግዳውን እጅ ይጠብቃል። ብርጭቆውን በግራው ቢያስቀምጠውም የሚቀየም የለም፤ ባለቤቱ ብድግ ይልና እንደገና ይቀዳል።