ሦስት መጋዝና አንድ እግር

በአንድ ወቅት፣ መጥረቢያ ከሰው ትከሻ ወርዶ የሞተር መጋዝ ዳገቱን ሁሉ ማስጮህ በጀመረበት ጊዜ፣ እንየው የሚባል ባለ ደን ሰው ነበረ። ደኑ ባሕር ዛፍ ነው፤ በገዛ እጁ ተክሎ፣ በገዛ እጁ ኮትኩቶ ከገደሉ አፋፍ እስከ መንገዱ ያደረሰው። ሚስቱ ሞታለች። ሦስት ጎልማሳ ልጆች አሉት፤ ይሁኔ፣ ሽባባውና አንሙት። ደኑ ለሦስት ቢከፈል ለእያንዳንዳቸው ማገዶ ይሆናል እንጂ ቤት አያቆምም። ስለዚህ ለአንዱ ብቻ ሊያወርሰው ቆርጧል፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን ገና አልቆረጠም።

ልጆቹን አይወድም ማለቴ አይደለም። ይወዳቸዋል፤ ነገር ግን እንየው በሕይወቱ ሳይፈትን የወደደው ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ከሁለት ውሾቹ አንዱን ማስቀረት ፈለገና ሁለቱንም ሦስት ቀን አስርቦ ሲያበቃ አንድ አጥንት መካከላቸው ጣለ። ያሸነፈውን አስቀረ። የተሸነፈው ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ልጆቹ ያኔ አጥር ተደግፈው ያዩ ስለነበር እነሱ ያውቁታል።

እናም አንድ ቀን ሦስቱን ጠርቶ እያንዳንዳቸው የሞተር መጋዝ ይዘው እንዲመጡ አዘዛቸው። መጋዝ አይቶ መምረጥ ያልቻለ ሰው ደን ማስተዳደር አይችልም ብሎ ያምን ነበር። ከየት ያመጣሉ፣ በምን ይገዛሉ፣ አልጠየቀም።

ታላቁ ይሁኔ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቹን ሸጠና ከከተማ ትልቅ መጋዝ ይዞ መጣ። ሲነሳ የማዶ ሰፈር ከብቶች ይደነብራሉ። ሰው አቡነ ዘበሰማያት ብሎ ሳይጨርስ ወገብ የሚያህል ግንድ ቆርጦ ይጥላል። ቤንዚን ግን አይበቃውም፤ በጠጣ ቁጥር ይጠማዋል።

መካከለኛው ሽባባው ሁለት በግ ብቻ ሸጦ ከገበያ አዲስ መጋዝ ገዛ። በአንድ እጅ የሚነሳ፣ የትም ጠባብ ቦታ የሚገባ ቀላል ዕቃ ነው። በይሁኔ አንድ መጋዝ ዋጋ እኔ አምስት እገዛለሁ እያለ ይስቅ ነበር፤ አልዋሸም። ችግሩ ጥቂት ከሠራ ይግላል፣ ከጋለ ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቢለምኑትም አይነሳም። በደህናውም ጊዜ ገመዱ አራት አምስቴ ካልተሳበ ሞተሩ እሺ አይልም።

ታናሹ አንሙት የሚሸጥ ከብት አልነበረውም። ከፈረሰ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት የተጣለ አሮጌ መጋዝ ለምኖ አመጣና ክረምቱን ሙሉ ሲፈታ ሲገጥም ከረመ። ጉልበት የለውም። አንሙት ግን ሞረድ ከኪሱ ተለይቶት አያውቅም፤ ሁለት ግንድ በቆረጠ ቁጥር ይቀመጥና የሰንሰለቱን ጥርስ አንድ በአንድ ይሞርዳል። ወንድሞቹ ይህን ሲያዩ፣ ደግሞ ጥርሱን ሊፍቅለት ነው እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ሥራው ላይ ያቀረቅራል።

በፈተናው ቀን እንየው ለእያንዳንዳቸው በሃይላንድ ጠርሙስ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን እኩል ለክቶ ሰጣቸው። ደንብም አወጣ።

«የወንድሙን መጋዝ የነካ፣ ከወንድሙ ጠርሙስ የቀዳ፣ ከደኔ ወጥቷል» አለ። «ሰጪውም ተቀባዩም።»

ይሁኔ ወንድሞቹ አምስት አምስት ሳይሞሉ ዐሥራ አራት ጉማጅ ጣለና ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ሽባባው ዘጠኝ ቆርጦ መጋዙ ጋለበት፤ ጥላ ሥር አስቀምጦ እያራገበለት ቆየና ሁለት ጨመረ፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ቤንዚን ይዞ ቁጭ አለ። አንሙት በዚያችው አንድ ጠርሙስ ሃያ አንድ ቆረጠ። ሲጨርስ ግን ከብቶች ከሜዳ ተመልሰው ነበር።

እንየው ጉማጆቹን በምርኩዙ እየነካ ቆጠረና ተናደደ። ፈጣኑ ሆዳም፣ ርካሹ ልፍስፍስ፣ ቆጣቢው ቀርፋፋ ሆነበት። ሦስቱም በየፊናቸው ልክ እንደሆኑ ሊከራከሩት ሞከሩ፤ አልሰማቸውም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወዋል። እሱ ግን በማግስቱ በገደሉ አፋፍ ላይ ወደቆመው ትልቁ ዛፍ ወሰዳቸው።

ይህ ዛፍ የመጀመሪያ ተክሉ ነው፤ ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም፤ ወደ ገደሉ አጋድሏል። ደንቡ የትናንቱ ነው፣ ጠርሙሱም የትናንቱ ያህል። ዛፉን ቆርጦ የጨረሰ ደኑን ይወስዳል፣ ቤንዚኑ ያለቀበት ወይም መጋዙ የጠፋበት ለተከታዩ ይለቃል ተባለ። ዕጣ ሲጣል ለይሁኔ ወጣ።

እንየው እንደ ልማዱ ከግንዱ ሥር ቆሞ መዳፉን ዛፉ ላይ አሳረፈ። በመጥረቢያው ዘመን የባለ ደን ወጉ ይህ ነበር። ዛፍ ከመውደቁ በፊት ውስጡ ይሰነጠቃል፤ መዳፍ ያን ያውቃል፤ መዳፉ ሲያውቅ ሰውየው ይሸሻል። እንየው አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ አንድም ቀን ጭረት ነክቶት አያውቅም።

«አባ፣ ይራቁ» አለው አንሙት። «ሞተሩ ግንዱን ሲያንቀጠቅጠው መሰንጠቁ አይታወቅዎትም።»

«የተከልኩትን ዛፍ አንተ ልታስተዋውቀኝ ነው?» አለ እንየው። መዳፉን አላነሳም።

ይሁኔም አባቱ የቆመበትን እያየ የመጋዙን ገመድ ሳበ። የእንየው መዳፍ እስከ ክርኑ በሞተሩ ይነዝር ጀመር፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልተሰማውም። ዛፉ ሲሄድ ግንዱ ከጉቶው ተስፈንጥሮ ወደ ኋላ መጣ፤ እንየው ጀርባው ጭቃ ላይ ነበር፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከግንዱ ሥር። ገና ሳያመው አንድ ነገር ገባው፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ገደሉ ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚከብድ ግንዱ በቀስታ ወደ አፋፉ እየተንሸራተተ ነው፤ እሱንም በእግሩ ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ እንደ ልጅ ጮኸ።

ይሁኔ ሮጦ አፋፉ ላይ ወጣ። አንድ እግሩ ቢያዳልጠው አብሮ ይገባል። መጋዙን አስጩሆ የዛፉን አናት ከአንገቱ ቆረጠው፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ገደል ገባ፤ መንሸራተቱ ቆመ። ነገር ግን ክብደቱ የተቀነሰለት ግንድ በቦታው ግማሽ ዙር ተንከባለለና እንየው እግሩ ላይ እንደ አዲስ ተቀመጠበት። አጥንቱ ሲሰበር እንየው በጆሮው ሰማ። ይሁኔ ተመልሶ በእግሩ አጠገብ ግንዱን መቁረጥ ጀመረ፤ ሩቡን ያህል እንደገባ መጋዙ አስነጠሰና ዝም አለ። ቤንዚኑ አልቋል።

«አንሙት፣ ያንተን ስጠኝ፤ በአንድ ትንፋሽ እጨርሰዋለሁ» አለ።

የአንሙት ጠርሙስ ሙሉ ነው። አንሙት ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አባቱ ተመለከተ።

«አባ፣ ልስጠው?»

እንየው እግሩ እንዲተርፍለት ፈለገ። እግሩን እንደፈለገ እውነት ነው። ግን ያ ለውሾቹ የጣለው አጥንት ትዝ አለው፤ ሦስቱም ልጆቹ ከላይ ሆነው እያዩት ነው፤ አሁን ቢፈቅድ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል። ጥርሱን ነክሶ፣ «ደንቡን ታውቃለህ» አለ። ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ።

አንሙት ጠርሙሱን ወደ ራሱ መጋዝ ገለበጠና ወንድሙ በተወው ቦታ ገባ። በእርጋታ ቆረጠ። ግንዱን ግማሽ እንዳለፈ ልጡ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ሰንሰለቱን አደነዘው። ሞተሩን አጠፋ፤ ግንዱ ላይ ተቀመጠ፤ ሞረዱን ከኪሱ አወጣ። እንየው ከሥሩ እየጮኸ፣ ከንፈሩ እየነጣ፣ አንሙት የሰንሰለቱን ጥርስ አንድ በአንድ ሞረደ። ልክ ነው፤ ባይሞርደው አይቆርጥም። እንየው ግን የዚያን ሞረድ ድምፅ ከአጥንቱ መሰበር ይበልጥ ጠላው።

ሽባባው ይህን ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። መጋዙን አነሳና መዘነው። ለግንዱ አይሆንም፤ መሀል ሳይደርስ ይግልበታል። ከዚያ የአባቱን እግር ተመለከተ፤ ከግንዱ እጅግ ይቀጥናል። መጋዙን ያነገተበትን ገመድ ቆርጦ ከአባቱ ጉልበት በላይ ጠፍንጎ አሰረ፤ ቀበቶውን ፈትቶ በጥርሱ እንዲይዝ ሰጠው። እንየው ቀበቶውን ተፋ።

«አይደረግም። አንሙት እየጨረሰ ነው።»

«እርስዎም እየጨረሱ ነው፣ አባ» አለ ሽባባው።

ያ አራት አምስቴ ካልተሳበ የማይነሳ መጋዝ ዕድሜውን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ በመጀመሪያው ገመድ ተነሳ። አንሙትም በሌላው ወገን የተሳለውን አስነስቷል። ሁለት ሞተር አንድ ላይ ስለጮኸ እንየው የራሱን ድምፅ እንኳ አልሰማም። የሽባባው መጋዝ ለመጋል ጊዜ አላገኘም።

ይሁኔና ሽባባው አባታቸውን ተሸክመው ዐሥር እርምጃ ሳይሄዱ ከኋላቸው ግንዱ ለሁለት ተከፈለ። አንሙት ጨርሶታል። በመካከሉ፣ በጭቃው ላይ፣ ኮንጎ ጫማው እንኳ ያልወለቀ የአባታቸው እግር ተቀምጦ ነበር።

የጤና ጣቢያው ሰው ቁስሉን አይቶ፣ ሰውየው ሌላ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ይሞት እንደነበር ተናገረ። እግሩስ ይድን ነበር ወይ ሲሉት ደግሞ ሊድንም ላይድንም ይችል ነበር አለ፤ አንሙት የዘገየባት ዐሥር እርምጃ ስንት ደቂቃ እንደሆነች ግን እሱ አያውቅም። እግሩን ጨርቅ ጠቅልለው ከትልቁ ጉቶ ሥር ቀበሩት። እንየው ሲነግሩት፣ ከልጆቼ ቀድሞ ደኑን የወረሰ አለ ብሎ ሳቀ፤ ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም።

ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ከቤቱ ደጃፍ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከሦስቱ አንዱም ድርሻዬ ይቅርብኝ አላለም።

«ዛፉን የጣልኩት፣ ገደል ሲገቡም የመለስኩዎ እኔ ነኝ» አለ ይሁኔ። «ቤንዚን ቢሰጠኝ ሁለት እግር ይኖርዎ ነበር።» አጥንቱን የሰበረውም ያው እሱ መሆኑን ግን አላነሳም።

ሽባባው ከሁሉ በአጭሩ ተናገረ፤ «ዛሬ የሚሰሙኝ በሕይወት ስላሉ ነው።»

«ቃልዎን የጠበቅሁ እኔ ብቻ ነኝ» አለ አንሙት። «ዛፉንም የጨረስኩት እኔ ነኝ። አያ ሽባባው ባይቸኩል እግርዎን ሙሉውን አወጣው ነበር።» ቃሉን የጠበቀው ለአባቱ ይሁን ለደኑ፣ ያን ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ሦስቱም ያመጡትን አቀረቡ። እያንዳንዱ ከዚያው ዛፍ፣ በየራሱ መጋዝ የቆረጠው ምርኩዝ ነበር። የይሁኔ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ የሽባባው ቀላል፤ የአንሙት በሞረድ ተልጎ እጅ አይኮሰኩስም። ሦስቱን ከግድግዳው አጠገብ፣ እጁ በሚደርስበት አቆሙለት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያነሳኸው የወራሽህ ይሁን፤ እስክታነሳ ማንም አይደግፍህ፤ ነገሩ በዚሁ ይለቅ አለ።

እንየው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ ነው። ፀሐዩ ዞሮ ፊቱ ላይ መጣበት፤ ውሃ ሽንቱም ወጥሮታል፤ ያለ ምርኩዝ ደግሞ መነሳት አይችልም። ልጆቹ አጥሩን ተደግፈው ያዩታል፤ አንዳቸውም ደግፌ ላንሳዎ አይሉትም፤ ደንብ ነው። እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ መልሶ ጭኑ ላይ ያሳርፈዋል።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ የማንን ታነሳላችሁ? ደኑስ የሚገባው ለማን ነው፤ ከገደል ለመለሰው፣ እግሩን ቆርጦ ላወጣው፣ ወይስ ቃሉን ጠብቆ ግንዱን ለጨረሰው?