ሽምብራ የምታህል ደወል

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሚያቋርጠኝ ይራቅ።

ድሬዳዋ ውስጥ ወንድይራድ የሚባል ጡረታ የወጣ እሳት አጥፊ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንዲት ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ሠርቷል፤ እሱ ደወል ደዋይ፣ ጓደኛው አብዶሽ ሾፌር። መኪናዋ አርጅታ ለብረት ተቆራረጠች። የአብዶሽም ዓይን ጠፋ። አንድ ቀን አብዶሽ፣ “ቀይዋን አንዴ በእጄ ብዳስሳት ሌላ ምንም አልፈልግም” አለ። ወንድይራድ ይህችን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ።

መኪናዋን ራሷን አስመስሎ በትንሹ ሊሠራት ተነሣ። የእውነተኛዋን አንድ ክንድ በአንድ ጣት እየለካ አካሏን ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ቆረጠ። ጎማዋ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ የላስቲክ ክዳን፣ መሰላሏ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ የውሃ ቱቦዋ ነጭ የጫማ ክር። ቀለሟ የልጁ የጥፍር ቀለም ነው፤ ልጅቱ ስትፈልገው ብትውል አላገኘችውም። ግራ በሯ ላይ የነበረውን ስርጉድ እንኳ በምስማር ጭንቅላት ጫን አድርጎ አወጣው። ሁለት ወር ፈጀበት። በእነዚያ ሁለት ወራት አብዶሽ ቤት ዝር አላለም፤ ሆዱ ምስጢር አይችልማ! አጠገቡ ከተቀመጠ ሁሉንም ሊዘረግፈው ነው። ስለዚህ ቀረ። ሰው አንዳንዴ ብልህ የሆነ ይመስለዋል።

አሁን የጎደለችው ሽምብራ የምታህል ደወል ብቻ ናት።

ብር ሠሪው ከቢር ዘንድ ሄደ። ከቢር ከአሮጌ የእግር አልቦ ላይ የምትነቀል አንዲት ደወል አለችው፤ ግን ያለ እሳት አትላቀቅም፣ እሳት የሚያናፋበት ወናፉም ተቀዷል። ወናፍ ካልተሰፋ ደወል የለም።

ወናፉን ተሸክሞ ጫማ ሠሪው ዘበርጋ ዘንድ ሄደ። ዘበርጋ ቆዳውን አገላብጦ አየና ወስፌዬ ዶልዱሟል አለ። ወስፌ ካልሾለ ወናፍ አይሰፋም፣ ወናፍ ካልተሰፋ ደወል የለም።

ወስፌውን ይዞ ቀጥቃጩ ጉደታ ዘንድ ሄደ። ጉደታ ባዶ ምድጃውን አሳየው። ከሰል ከሌለ ወስፌ አይሾልም፣ ወስፌ ካልሾለ ወናፍ አይሰፋም፣ ወናፍ ካልተሰፋ ደወል የለም።

ከሰል ፍለጋ ወደ ፈትያ ሄደ። ከሰል ሻጯ ፈትያ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆማ አህያዋን ትለማመጣለች። ከሰሉ አህያዋ ጀርባ ላይ ነው፤ አህያዋ ደግሞ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ጎተቷት፣ ገፏት፣ ወይ ፍንክች! ውሃ ጠምቷታል። ውሃ ከሌለ አህያ አትሄድም፣ አህያ ካልሄደች ከሰል የለም፣ ከሰል ከሌለ ወስፌ አይሾልም፣ ወስፌ ካልሾለ ወናፍ አይሰፋም፣ ወናፍ ካልተሰፋ ደወል የለም።

“ታዲያ ሁልጊዜ የምትጠጣው የት ነው?” አላት።

ፈትያ ቀና ብላ አየችው። አህያዋ የምትጠጣው አብዶሽ በሩ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ካስቀጠለው ቧንቧ ነበር። ከቆለፈው ግን ሰንብቷል፤ ቁልፉም ከኪሱ አይወጣም። ለምናው ነበር። “ምን እንዳለኝ ልንገርህ ጋሽ ወንድይራድ? ‘ወንድይራድ መጥቶ አጠገቤ ካልተቀመጠ ለማንም አልከፍትም’ ነው ያለኝ።”

ወንድይራድ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። አፈረ። ስንት በር አንኳኳ፣ ያንን አንድ በር ብቻ ዘሎ! ወንድይራድ ካልሄደ ቁልፍ የለም፣ ቁልፍ ከሌለ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ አህያ አትሄድም፣ አህያ ካልሄደች ከሰል የለም፣ ከሰል ከሌለ ወስፌ አይሾልም፣ ወስፌ ካልሾለ ወናፍ አይሰፋም፣ ወናፍ ካልተሰፋ ደወል የለም።

ቤቱ ሮጠ፤ መኪናዋን እንደጎደለች በነጠላ ጠቅልሎ አብዶሽ በር ላይ ደረሰ፣ አጠገቡም ተቀመጠ። አብዶሽ በኮቴው አውቆታል፤ ፊቱን ግን አዞረ።

“ዓይኔ ቢጠፋ አንተም ትጠፋለህ? ምን በደልኩህ?” አለው።

ወንድይራድ ነጠላውን ፈታ። መኪናዋን ጭኑ ላይ አኖረለት። የአብዶሽ ጣቶች በጎማዎቹ ጀመሩ፣ በቱቦው አለፉ፣ መሰላሉን ቆጠሩ፣ ግራ በሩ ላይ ሲደርሱ ስርጉዱ ውስጥ ገቡና ቆሙ። መኪናዋን ከዋርካ ጋር አጋጭቶ ይህን ያመጣው ራሱ ነው። እንባው ወረደ። ከዚያ ጣቱ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ፈለገ፣ አጣ።

“ደወሏስ?”

“ደወሏማ አንተ ኪስ ውስጥ ናት” አለና ወንድይራድ መንገዱን ሁሉ ከመጨረሻው ጀምሮ ነገረው። አብዶሽ እያለቀሰ ሳቀ፤ ቁልፉንም አውጥቶ ሰጠው።

ቁልፉ ዞረ፣ ውሃው ወረደ፤ ፈትያ በጀሪካን ወስዳላት አህያዋ ጠጣች፣ አህያዋ ሄደች፣ ከሰሉ ነደደ፣ ወስፌው ሾለ፣ ወናፉ ተሰፋ፣ ደወሏም ተላቀቀች። ከሰዓት በኋላ ወንድይራድ ይዟት መጣና በቀጭን ሽቦ አሰራት።

“በል እንካ፣ አንተ ደውላት” አለው።

አብዶሽ መኪናዋን በሁለት እጁ እንደ መሪ ይዞ ራሱን ነቀነቀ። “እኔ እኮ ሾፌር ነኝ። ሥራህን ሥራ።”

ወንድይራድ ደወለ።

ተረቴን እዚህ አቆምኳት። ያልጠየቃችሁት ወዳጅ ያላችሁ ግን፣ ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?