ተስሞ ያለቀ ፊት

«ፊቷን ቅረጽና ጨርስ! ማተሚያው ቆሟል እኮ!» አለው ሥዕሉን የሚሸጠው ባለሱቁ።

ሰውዬው የመቅረጫ ብረቱን እንደያዘ መዳቡ ላይ ፈጦ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ነው፣ አውሮፓ፣ አንትወርፕ የምትባል ከተማ። ይሄ ሰውዬ መዳብ ላይ የቅዱሳን ሥዕል ይቀርጻል፤ ከዚያ መዳቡ ቀለም ይቀባና ወረቀት ላይ ይታተማል። ሚስቱ ሊስቤት ሞተችበት። ምን አደረገ መሰላችሁ? መስቀሉ ሥር ለምታለቅሰው ማርያም የሊስቤትን ፊት ሰጣት። በቃ፣ ሊስቤት ሌላ ምስል የላትም።

አሁን ስሙኝ። መስቀሉ ሥር የቆሙት ወታደሮች ጋሻ በጥልቅ ነው የሚቀረጸው። ፊት ግን በስስ መስመር። ታዲያ ማተሚያው መዳቡን ሲጫነው፣ ሲጫነው፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ምንድነው? ጋሻው? ፊቷ ነዋ! መዳቡ ላይ ጠፋች፤ ባለሱቁ እንደገና ቅረጻት የሚለው ለዚህ ነው።

ለራሱ አንድ ወረቀት እንኳ አላስቀረም። «መዳቡ እያለ ምን ያደርግልኛል?» ይል ነበር።

ፊቷን አይቶ ለመቅረጽ የታተመ ወረቀት ፍለጋ ሮጠ። ድሮ ሥዕሉን የገዙ አንዲት መበለት ቤት ደረሰ።

«እማማ፣ ያቺ ማርያም አለችዎት?»

«አለች እንጂ ልጄ! ጠዋት ማታ የምስማት!»

አወጡለት። መስቀሉ አለ። ጋሻው አለ። የፊቷ ቦታ በከንፈር ብዛት ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ ተቀዷል።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ሚስቴ ነበረች።»

«ውይ በሞትኩት! እኔ ነኛ የጨረስኳት?»

በየቤቱ እንደዛው። የወደዷት ሁሉ ስመው ጨርሰዋታል።

ተመልሶ ዓይኑን ጨፈነ። ሳቋ መጣለት፣ ሳሏ መጣለት። ፊቷ አልመጣም።

«የማንንም ሴት ፊት አድርግበት! ገዢው ምን ያውቃል?» አለው ባለሱቁ።

እውነቱን ነው፣ ገዢው አያውቅም። እሱ ግን ያውቃል።

ወገኖቼ፣ የጌታ ፊት እናንተ ላይ ተቀርጾ አልነበር? ጋሻችሁ ዛሬም ደማቅ ነው፤ ክርክራችሁ፣ «የኛ ነው ትክክሉ» ማለታችሁ። ፊቱስ? ጠዋት ስማችሁት፣ ማታ ስማችሁት፣ ማለቁን መቼ አያችሁ? እስቲ አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። መጣላችሁ?

እንግዲህ ባለሱቁ ቆሟል። ብረቱ እጃችሁ ላይ ነው። የማታውቁትን ፊት ቀርጻችሁ «እሱ ነው» ትላላችሁ? ወይስ ባዶውን አትማችሁ ለልጆቻችሁ ትሰጣላችሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?