አልበላም ያለው የሐይቅ ዓሣ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያላችሁ «እሺ» በሉኝ።

በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ዘርፌ የምትባል ጸጉር ሠሪ ነበረች። ምኞቷ ትንሽ ናት፤ ሱቋ ውስጥ ባለችው የመስታወት ገንዳ አንድ ዓሣ ፍርፋሪ ሲበላላት ማየት። ጎረቤቷ ጋሽ ዳንጊሶ በበርሜል ዓሣ ያረባሉ። «ከእኔ ውሰጂ» ቢሏት፣ «በርሜል የወለደው ምኑን ዓሣ ሆነ!» ብላ ከሐይቁ የተጠመደ ገዛች። የሐይቁ ዓሣ ግን ጀርባውን ሰጣት፤ ፍርፋሪውን አልነካም። እያደር ከሳ።

«ወይ ጥጋብ!» አለች ዘርፌ። ገንዳዋን አቅፋ ወደ ሐይቁ ወረደች። እዚያ የሚንጎራደደውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን አገኘችው።

«አባ ኮዳ፣ ዓሣውን አስፈራራልኝ! ዓሣው ፍርፋሪ አይበላም።»

«ምን አደረገኝና? አላስፈራራም።»

ዳር ላይ ወደተሰጣው የዓሣ መረብ ዞረች። «መረብ ሆይ፣ አባ ኮዳን ያዝልኝ! አባ ኮዳ ዓሣ አያስፈራራም፣ ዓሣው ፍርፋሪ አይበላም።»

«ምን በወጣኝ! አልይዝም።»

ደሟ ፈላ። ዓሣ መጥበሻው ሥር ወዳለው እሳት ሄደች።

«እሳት ሆይ፣ መረብን አቃጥልልኝ! መረብ አባ ኮዳን አይዝም፣ አባ ኮዳ ዓሣ አያስፈራራም፣ ዓሣው ፍርፋሪ አይበላም።»

«መረብ ከሌለ ምን ዓሣ ልጠብስ ነው? አላቃጥልም» ብሎ ጢሱን ለቀቀባት።

«አገሩ ሁሉ አደመብኝ እንዴ! ሐይቅ ሆይ፣ እሳትን አጥፋልኝ! እሳት መረብን አያቃጥልም፣ መረብ አባ ኮዳን አይዝም፣ አባ ኮዳ ዓሣ አያስፈራራም፣ ዓሣው ፍርፋሪ አይበላም።»

ሐይቁ ከእሷ ብሶ ተቆጣ፤ እስከ ጉልበቷ ረጫት። «ልጄን ነጥቀሽ፣ ልጄን አስፈራራልኝ ትያለሽ? አታፍሪም? መጀመሪያ ልጄን መልሺ፤ ከዚያ እታዘዝሻለሁ!»

ዘርፌ ዓሣውን አየችው፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። አፈረች። ገንዳዋን ወደ ሐይቁ ዘንበል አደረገችለት፤ ዓሣው ሾልኮ ገባ።

ያኔ ሐይቅ እሳትን ሊያጠፋ ተነሣ፣ እሳት መረብን ሊያቃጥል፣ መረብ አባ ኮዳን ሊይዝ፣ አባ ኮዳ ዓሣውን ሊያስፈራራ። ዓሣው ግን ማንም ሳይደርስበት ደንገሉ ሥር ገብቶ ትንኝ ይለቅማል። በላ! ሳያስፈራሩት በላ!

ዘርፌ ባዶ ገንዳዋን ይዛ ጋሽ ዳንጊሶ ደጅ ቆመች። «ጋሼ፣ ከበርሜሉ አንድ ይስጡኝ።»

«ዓሣ አይደለም አላልሽም?» አሏት፤ ግን ጨልፈው ሰጧት። ይሄኛው ከበርሜል በቀር ሌላ አገር አያውቅም። ፍርፋሪው ገና ከጣቷ ሳይለቅ ዘሎ ዋጠው።

«ቀስ በል እንጂ! ማን ይቀማሃል?» ብላ ጮኸችበት፤ ንዴቷ ገና አልበረደም።

ተረቴን ወደ ሐይቁ መልሱ፣ ፍርፋሪውን ለእኔ አድርሱ።