ከታች ወደ ላይ የሚገለብጠው ሰው

ናርዶስ የኮምፒውተር መምህሯን ጠየቀቻቸው። «መምህር፣ ማንነታቸውን ሰውረው ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ሰዎችን መልእክት የሚያሻግር ማሽን ቤቴ ልተክል ነው። የሰዉ መልእክት የሚወጣው በእኔ ስም በተመዘገበው መስመር ነው። ከሕግ ያጋጨኝ ይሆን?»

መምህሩ አዎም የለምም አላሉም። እንዲህ አሏት እንጂ፦

አንድ ሰው ነበረ፤ እጅ ጽሑፉ ያማረ። በከተማው ሹም የተበደለ ሁሉ አቤት ማለት ይፈልጋል፤ ግን ጽሑፉ ከታወቀ ጉድ ይፈላበታል። ስለዚህ ደብዳቤውን ይዞ ወደዚህ ሰው ቤት ይመጣል። ሰውየው በራሱ እጅ ይገለብጥለትና ዋናውን ያቃጥለዋል። ስም አይጠይቅም። የሰው ምስጢር እንዳይገባው ብሎ ደግሞ ከመጨረሻው መስመር ጀምሮ ወደ ላይ ነበር የሚገለብጠው። ይህን ያህል ጨዋ ነው እንግዲህ!

ባሏ የሞተባት እህቱ አብራው ትኖራለች። የመሬት ክርክሯን ማስረጃ የምታስቀምጠው እሱ ወረቀቱን በሚያኖርበት ሳጥን ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች።

«ወንድሜ፣ ይህን ነገር ከቤት አውጣልኝ» ትለዋለች።

«እኔ ምን አጠፋሁ? እገለብጣለሁ እንጂ አልጽፍ!»

ይበል እንጂ እሱም አላረፈም። ተቀምጦ ይነሣል፣ በመስኮት ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ፖሊሶች መጡ። አንድ ነጋዴ «ልጅህን እንገድላለን» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ኖሯል።

«ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው። ቃሉ ግን የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«አላውቅም።»

ደብዳቤውን ከላይ ወደ ታች ያነበበው ያኔ ገና ነው።

ፖሊሶቹ ሳጥኑን እንዳለ አንሥተው ሄዱ። እህቱ እየሮጠች ተከተለቻቸው። «የእኔ ወረቀት አለበት! ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው!»

«ተጣርቶ ይመለሳል» አሏት።

ተጣራም። ከሦስት ወር በኋላ ዳኛው ጥፋት አላገኘበትምና አሰናበተው። ሳጥኑም አንድ ወረቀት ሳይጎድል ተመለሰ። ማክሰኞ ግን አልፏል። እህቱ ማስረጃ ሳታቀርብ ቀርታ መሬቱ ለባሏ ወንድም ተፈርዷል። አንድም ቀን አልወቀሰችውም፤ እሱን ያንገበገበው ይኸው ነው። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ቤት መቀመጥ እያቃተው ከተማውን ሲዞር ይውላል።

መምህሩ ወደ ናርዶስ ዞሩ።

«ማሽንሽ የዚህ ሰው እጅ ነው። የማታውቂው ሰው የሚልከው ሁሉ የአንቺን እጅ ጽሑፍ ይዞ ይወጣል። ሥራው መጥፎ ነው አልልሽም፤ ስንቱ የተጨነቀ ይተነፍስበታል። ስለ ሕጉ ጠበቃ አማክሪ። ምናልባት ነፃ ትወጫለሽ፤ እሱም ወጥቷል። ግን ነፃ እስክትወጪ ቤትሽ ያለው ሁሉ ተጭኖ ሊሄድ ይችላል። ለመሆኑ ከማሽኑ አጠገብ የማን ዕቃ አለ?»

«የወንድሜ ኮምፒውተር» አለች ናርዶስ። «የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራበት።»

«እሱ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ሂጂና መጀመሪያ ለእሱ ንገሪው።»