ለሸክላ ሠሪዋ የደረሰ ማዳበሪያ

መሬት የሌላት፣ ሸክላ ሠርታ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ሴት ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር ያልደረቁ ማሰሮዎቿን ዝናብ እያፈረሰባት ስለተቸገረች፣ ወረዳው ለሸክላ ሠሪዎች ጣሪያ ያለው ማድረቂያ እንዲሠራላቸው ሁለት ጊዜ አመለከተች። አስተዳዳሪው አቶ ድንበሩ ግን «በጀቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ለማንም የተለየ ነገር አይሠራም» አሉና ለየቤቱ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ማዳበሪያ አደሉ። ለእሷም በአሻራዋ አስፈርመው ሰጧት።

በዓመቱ፣ በጀቱ ለድሆችና ለሴቶች ምን እንደጠቀመ የሚያጣራ ገምጋሚ ከዞን መጣ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሴትዮዋ ስለ ማድረቂያው ለመናገር እጇን ስታወጣ አቶ ድንበሩ ቀደሟት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነገር አታብዢ! ማዳበሪያው ከባለመሬቶቹ እኩል ደርሶሻል ወይስ አልደረሰሽም? አልደረሰኝም ካልሽ አሻራሽ ይኸው።»

«ኧረ ደርሶኛል ጌታዬ» አለች። «አንድ ኪሎ እንኳ አልጎደለም።»

አቶ ድንበሩ ወደ ገምጋሚው ዞረው ፈገግ አሉ። «እኩልነት ማለት ይሄ ነው። በይ እንግዲህ፣ ምን እንዳገኘሽበትም ለእንግዳችን ንገሪያቸው።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ገምጋሚው ዞረች።

«ጎረቤቴ ጤፉ ላይ በተነው፤ በቀለለት። እኔም ማሰሮዎቼ ላይ በተንኩት፤ እስካሁን ግን አንዱም አልበቀለልኝም።»