የዘቢባ ፔጆና አራቱ ጎረቤቶች

ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቀድሞ ሰላም የሚለው ማን ነው? ዘቢባ ይህን ጥያቄ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ይዛው ኖራለች። እሷ ሌላው እስኪጀምር ትጠብቃለች፤ ሌላውም እሷን ይጠብቃል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ይተላለፋሉ። ሰፈሩም «የሸምሱ ልጅ ኮራች» ይላል።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን ዝምታ የማያዋጣ ነገር መጣ። አባቷ ሲሞቱ የተዉላት አሮጌ ፔጆ አልነሳ አለች። እናቷ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ሐረር የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለባቸው። ስምንት ወር የተጠበቀ ቀጠሮ ነው፤ ካመለጠ ዓይናቸው ሌላ ስምንት ወር አይቆይም። ወገባቸውም ታሟል፤ የፔጆዋ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው ካልሆነ ከድሬዳዋ ሐረር ያለውን የደንገጎን ዳገት አይችሉትም።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ካርቡራተሯ ተሰንጥቋል አለ። ለእንዲህ ያለች ባልቴት የሚሆን ገበያ ላይ አይገኝም፤ ታክሲ ነጂው ጋሽ ዱባለ ጋ ግን አንድ ትርፍ አለ። በመንደሩ አምስት ፔጆዎች አሉ። ሁሉም እኩያ ናቸው፤ የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ ይሆናል። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ዘቢባ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠርጋ የጋሽ ዱባለን በር አንኳኳች።

«አቦ፣ ካርቡራተሩስ አለ» አሏት። «ግን የሺመቤት ለሁለት ቀን ብላ የወሰደችው ዲናሞዬ ዓመት ሞላው። እሱ ሳይመለስ ከዚህ ቤት ብሎን አይወጣም።»

ዲናሞ ካልመጣ ጋሽ ዱባለ ካርቡራተር አይሰጡ፤ ካርቡራተር ካልመጣ ፔጆ አትነሳ፤ ፔጆ ካልተነሳች እናት ሐረር አይደርሱ።

እትዬ የሺመቤት ዳቦ አከፋፋይ ናቸው፤ መኪናቸው ቆማ ዳቦውን በጋሪ ያዞራሉ። ዲናሞው በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር እንዳለ ነገሯት። አልበላሁትም አሉ። ነገር ግን ሐጂ አብዶሽ ራዲያተራቸውን ወስደው አልመለሱም፤ የራሳቸው ሳይመጣ የሰው አይሰጡም።

ራዲያተር ካልመጣ እትዬ ዲናሞ አይሰጡ፤ ዲናሞ ካልመጣ ጋሽ ዱባለ ካርቡራተር አይሰጡ፤ ካርቡራተር ካልመጣ ፔጆ አትነሳ፤ ፔጆ ካልተነሳች እናት ሐረር አይደርሱ።

ሐጂ አብዶሽ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ሲያዩዋት ሳቁ።

«አንቺም ድምፅ አለሽ ለካ» አሏት። ራዲያተሩን አልካዱም። የመኪናቸው ማስነሻ ሞተሪኖ ግን መምህር ኃይለልዑል ጋ ነው፤ እሳቸው ይጀምሩ፣ ሐጂ ይከተላሉ።

ሞተሪኖ ካልመጣ ሐጂ ራዲያተር አይሰጡ፤ ራዲያተር ካልመጣ እትዬ ዲናሞ አይሰጡ፤ ዲናሞ ካልመጣ ጋሽ ዱባለ ካርቡራተር አይሰጡ፤ ካርቡራተር ካልመጣ ፔጆ አትነሳ፤ ፔጆ ካልተነሳች እናት ሐረር አይደርሱ። ፀሐይም አዘቀዘቀች።

መምህር ኃይለልዑል ስምንተኛ ክፍል አስተምረዋታል። ሞተሪኖውን ከመጻሕፍታቸው ጎን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል።

«ይኸው፣ አለ» አሉ። «የኔን ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታዬን ግን አባትሽ ወስዶ ነበር። የሞተ ሰው አይጠየቅም ብዬ ዝም አልኩ።»

ዘቢባ ቤቷ ተመልሳ የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፈተች። ትርፍ ጎማው ላይ በነጭ ቀለም «ኃ» የሚል ፊደል ተጽፏል። ፔጆዋ የቆመችባቸው አራቱ ጎማዎች ተልጠው እንደ ሳንቲም ለስልሰዋል፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዱ ተንፍሶባታል። ስኮርታውን ሰጥታ ሌሎቹ ባይሰጡስ? ሰጥተዋትስ ደንገጎ ዳገት መሀል ጎማ ቢፈነዳ፣ እናቷን ይዛ ምን ትሆናለች?

ስኮርታ ካልመጣ መምህር ሞተሪኖ አይሰጡ፤ ሞተሪኖ ካልመጣ ሐጂ ራዲያተር አይሰጡ፤ ራዲያተር ካልመጣ እትዬ ዲናሞ አይሰጡ፤ ዲናሞ ካልመጣ ጋሽ ዱባለ ካርቡራተር አይሰጡ፤ ካርቡራተር ካልመጣ ፔጆ አትነሳ፤ ፔጆ ካልተነሳች እናት ሐረር አይደርሱ።

ከውስጥ እናቷ፣ መኪናዋ ተሠራች ወይ ብለው ጠየቁ። ዘቢባ ልትደርስ ነው አለችና ጎማውን አውርዳ በመንደሩ መሀል እያንከባለለች ሄደች።

መምህር ስኮርታ አገኙ፣ ሞተሪኖ ሰጡ። ሐጂ ሞተሪኖ አገኙ፣ ራዲያተር ሰጡ። እትዬ ራዲያተር አገኙ፣ ዲናሞ ሰጡ። ጋሽ ዱባለ ዲናሞውን ወደ ብርሃን ይዘው አገላበጡት፣ የራሳቸው መሆኑን አረጋገጡ፣ ካርቡራተሩን ሰጡ። ፔጆ ካርቡራተር አገኘች፤ ሁለቴ ስላ ተነሳች።

ሲነጋ እናት ከኋላ ተጋድመው ዱዓ ያደርጋሉ። መምህር ኃይለልዑል ጎማቸውን እያንከባለሉ መጡ።

«ደንገጎን ያለ ስኮርታ? ያዢው፤ ስትመለሺ ታመጪልኛለሽ» አሉ።

ጎረቤቱ በየበሩ ቆሞ ያያል። ዘቢባ ጎማውን አየች፤ እናቷን አየች። ብትወስደው ያው የትናንቱ ጣጣ ሊጀምር ነው፤ ብትተወው ዳገቱ አለ። ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል።

ጎማውን አንሥታ ኋላ ጫነች። ከዚያ የፊቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተች።

«መምህር፣ እርስዎም ይግቡ» አለች። «ስኮርታው ከነባለቤቱ ይሂድ።»